አምበሉን እንዴት እንሸኘው?

በአገራችን «ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም» የሚል የቆየ አባባል አለ። አባባሉን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው በለቅሶ ቤት ወይም በሽኝት ግብዣ ላይ ሆነን፣ ራሳችንን ነቀነቅ እያደረግን ነው። ነገር ግን አንባቢዎቼ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ ልጠይቃችሁ። ከሁለቱ ሰዎች፣ ማለት ከሚሞተውና ከሚሄደው፣ ምስጋናውን በገዛ ጆሮው ሊሰማ የሚችለው የሚሄደው ብቻ ነው። እርሱንም በዝምታ ከሸኘነው የምናመሰግነው ማንን ሊሆን ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በቦሌ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ። ቅዳሜ ጧት ግን ጠመኔውን አስቀምጬ የአንድ ሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ እሆናለሁ። ጸሐፊ ያደረጉኝ ኳስ ስለማውቅ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ በደንብ የሚጽፍ ሰው ስላጡ ነው። ሜዳችን ከገርጂ ብዙ የማይርቅ፣ ዙሪያውን በፎቅ የተከበበ፣ ሣሩ በክረምት ብቻ የሚታይ ሜዳ ነው። አይሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ ድምፁ የዳኛውን ፊሽካ ስለሚውጠው፣ ተጫዋቾቻችን የዳኛውን እጅ እያዩ መቆምን ለምደዋል።

የዚህ ቡድን አምበል በመንገድ ዳር ሱቅ ያለው ጎሚስታ ነው። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ለቡድናችን አሥራ ሰባት ዓመት በመሐል ተከላካይነት ተጫውቷል። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት የአምበልነቱን ጨርቅ በክንዱ አሥሮ ነው። መረቡን የሚሸከም እርሱ፣ የተቀደደውን የሚሰፋ እርሱ፣ ልጆቹ ሲጣሉ የሚያስታርቅ እርሱ ነው። ኳሶቹንም ዓርብ ማታ በሱቁ ኮምፕሬሰር ነፍቶ፣ ቅዳሜ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ያመጣቸዋል።

ነገር ግን እውነቱን መናገር አለብን፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እግሩ ከብዷል። የሌላው ሰፈር ልጆችም ይህን ስላወቁ ኳሱን ሁልጊዜ በእርሱ በኩል ይወረውሩ ጀመር። እርሱ ሲዞር እነሱ አልፈውታል። ካለፈው የውድድር ዘመን ሽንፈቶቻችን አብዛኞቹ የመጡት በዚሁ በር ነው።

ስለዚህም እኛ አምስታችን የኮሚቴ አባሎች በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበን ተነጋገርን። ሦስት አሳብ ቀረበ። አንደኛው «ስሙን ከአሰላለፉ እንተወው፤ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሲቀመጥ ራሱ ይገባዋል» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ሳናሳውቀው ድንገት ግብዣ እናድርግለት፤ ፎቶግራፉን በመስታወት አስገብተን፣ ኬክ አስቆርሰን እናሰናብተው» የሚል ነበር። ሦስተኛው ደግሞ «ዝም እንበል፤ ሲደክመው ይተወዋል» የሚል ነበር። ሦስቱንም በቃለ ጉባኤው ላይ ስጽፍ አንድ ነገር አስገረመኝ። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ሰውየውን ማነጋገር የሚባል ነገር የለም።

ይህ በእኛ ሰፈር ብቻ ያለ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ከናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ደኅና አድርጋችሁ ታውቁታላችሁ። በመንግሥት ሥራ ያለ አንድ ባልንጀራዬ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። በክፍላቸው ሠላሳ ዓመት ያህል መዝገብ የያዙ አዛውንት ነበሩ። የጡረታቸው ጊዜ መድረሱን ሁሉም ያውቃል፣ ግን አንድም አለቃ ጠርቶ አላነጋገራቸውም። አንድ ሰኞ ጧት ሲገቡ በጠረጴዛቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኙ። አዲሱ ሠራተኛ አፍሮ ቢነሣም፣ እርሳቸው «ተቀመጥ ልጄ» ብለውት መነጽራቸውን ከመሳቢያው ወስደው ወጡ አለኝ። እንግዲህ ባልንጀራዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራውን የሚሠራው እንደ ቀድሞው አይደለም። «እኔንም አንድ ቀን እንደዚሁ ያደርጉኛል» የሚል አሳብ ገብቶበታል። ሽኝት ለሚሄደው ብቻ የሚደረግ የሚመስለን እንሳሳታለን። በይበልጥ የሚያየው የሚቀረው ነው።

በሌላው ዓለም ያለውን ስንመለከት ደግሞ መልካም ምሳሌ እናገኛለን። እንግሊዛዊው ስታንሊ ማቲውስ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ በከፍተኛው ዲቪዚዮን የተጫወተ ሰው ነው። በሚያዝያ 20 ቀን 1957 ዓ.ም. በክለቡ በስቶክ ሜዳ የስንብት ጨዋታ ተደረገለትና፣ ከየአገሩ ስመ ጥር ተጫዋቾች መጥተው ተሰለፉ። ጨዋታው ሲያልቅ ሽማግሌውን ተጫዋች በትከሻቸው ተሸክመው የወጡት የሃንጋሪው ፑሽካሽና የሩስያው በረኛ ሌቭ ያሺን ነበሩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የመሸኘቱ ተራ ለራሱ ለያሺን ደረሰ። ዕድሜ ልኩን በአንድ ክለብ፣ በሞስኮ ዲናሞ፣ በር የጠበቀው ይህ ሰው በግንቦት 19 ቀን 1963 ዓ.ም. ሲሰናበት፣ ሞስኮ በሚገኘው ታላቅ ስታዲየም መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኘ። እነ ቦቢ ቻርልተን የነበሩበት የዓለም ምርጥ ቡድንም ከዲናሞ ጋር ተጋጠመ። ያሺን እስከ መጨረሻው አልተጫወተም። ከዕረፍት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በሩን ለወጣቱ ለፒልጉይ አስረክቦ ወጣ። እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ተሰናባቹ የተስማማበት፣ ተተኪውም በሁሉ ፊት የቆመ ነበርና።

ይሁን እንጂ የቀኑ ማማር ብቻውን አይበቃም። ለዚህም የሮማውን ፍራንቼስኮ ቶቲን ማንሣት ይቻላል። ይህ ሰው ለአንድ ክለብ ሃያ አምስት ዓመት ተጫውቶ፣ 786 ጊዜ ተሰልፎ፣ 307 ጎል አግብቷል። በግንቦት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሰናበት ስታዲየሙ በሙሉ አለቀሰ። ለሕዝቡ የጻፈውን ደብዳቤ በሜዳው መካከል ቆሞ አነበበ፤ የአምበልነቱንም ጨርቅ ከክለቡ ሕፃናት ቡድን ለአንድ ትንሽ አምበል ሰጠ። ከዚህ የሚያምር ሽኝት ማሰብ ይከብዳል። ነገር ግን በክለቡ ቢሮ የኃላፊነት ቦታ ተሰጥቶት ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. «በውሳኔ ላይ ድርሻ የለኝም» ብሎ ለቀቀ። እንግዲህ ወንበር ሰጥቶ ቃል መንፈግም አንድ ዓይነት በደል ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በክፍሌ ያሉትን ተማሪዎች «አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አምበሉ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የእንግሊዝን ክለቦች አሰላለፍ በቃላቸው የሚያውቁት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ብቻ «መንግሥቱ ወርቁ» አለ። መንግሥቱ ታላቅ አጥቂ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚያን ቀንም የመጨረሻዋን ጎል ያገባው እርሱ ነው። አምበሉ ግን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ሜዳው ከቦሌ መንገድ ጫፍ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ዛሬ የአዲስ አበባ ስታዲየም የምንለው ነው። ተጋጣሚያችን ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሬፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙን። መጀመሪያ ተክሌ ኪዳኔ አስተካከለ፤ ወዲያው እንደ ገና አገቡብን። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሁለተኛዋን ጎል አግብቶ አገሩን ከሽንፈት ያወጣት አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ አገቡና 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውንም ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሉቺያኖ በአሥመራ ከተማ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። በድሬዳዋው በጥጥ ማኅበር ቡድን ተጫውቷል፤ ከድሉም በኋላ በተከታዮቹ የአፍሪካ ዋንጫዎች አገሩን ወክሎ ተሰልፏል። ነገር ግን በደርግ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ ከአገር ወጣ። የወጣውም በሽኝት ሳይሆን በስደት ነው። ከዚያ በኋላ በጣልያን አገር አርባ አራት ዓመት ኖሮ፣ በመስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። ቶቲ በሮማ ስታዲየም በእንባ ሲሸኝ የእኛ አምበል እዚያው በጣልያን አገር በሕይወት ነበር። ማን ያውቃል፣ ያን ሽኝት በቴሌቪዥን ተመልክቶት ይሆናል። ባየውስ ምን አሰበ ይሆን?

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ዘመኑ ከኳስ የበለጠ ብዙ ነገር የጠፋበት ዘመን ነበር። ነገር ግን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት የሚሠራው ጠጠር ስለ ወረወርን ብቻ አይደለም፤ ወርቁን ማን እንዳበደረን ስንረሳም ይሠራል። ያ የክፍሌ ልጆች ዝምታ የጎዳው ሉቺያኖን አይደለም፤ ልጆቹን ራሳቸውን ነው። እነሱ ከሚኖሩበት ሰፈር በእግር በሚደረስበት ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ቆመ ሳያውቁ ያድጋሉ።

ምናልባት «አንጋፋው ራሱ ጊዜውን አውቆ ለምን አይተውም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን ግን በሰፈራችን መንገድ ላይ እናገኘዋለን። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው ጎዳና በስሙ የተጠራለት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ። ብዙ ቀን ሳይቆይ አሳቡን ለውጦ ወደ ሩጫው ተመለሰ። በመጨረሻ የተሰናበተው በግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ሮጦ፣ ሕዝብ እያጨበጨበለት ነው። እንደ ኃይሌ ያለ ብርቱ ሰው እንኳ ለመለየት ከአራት ዓመት በላይ ከወሰደበት፣ የእኛ ጎሚስታ ብቻውን እንዲወስን መጠበቅ ፍርድ ማጓደል ነው። ሰው የሚወደውን ነገር በራሱ እጅ መቁረጥ ይከብደዋል። ባልንጀራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ጊዜ ነው።

በኮሚቴያችን ይህንኑ አስረዳሁና ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን። የቡድኑ ሊቀመንበር፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ እኔን አስከትለው ወደ ሱቁ ሄዱ። አምበላችን የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ነበር። ሁለት ባዶ ቸርኬ ገልብጦ አስቀመጠንና ቡና አስጠራልን። ሊቀመንበሩም ነገሩን ሳያድበሰብሱ፣ ግን በአክብሮት፣ «ልጄ፣ እግርህ ደክሟል፤ እኛም አይተናል፤ አንተም ታውቀዋለህ። ቀኑን አንተ ምረጥልን» አሉት።

አምበሉ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «ጋሼ፣ ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠበቅሁት» አለ። «ራሴ ልተው ብል ‹ጥሎን ሄደ› ትሉኛላችሁ። ልቀጥል ብል እግሬ እንቢ አለኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ሆዴን ያመኝ ነበር። ‹ይበቃሃል› የሚለኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል እያልሁ ለባለቤቴ እነግራት ነበር»።

እኛ እንዳይከፋው ብለን ዝም ያልነውን ዝምታ እርሱ እንደ ሸክም ተሸክሞት ኖሯል። ሊቀመንበሩ ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ጠየቁት። «ስጦታ አልፈልግም» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «መምህር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ነገር ጻፍልኝ፤ ኳስ መንፋቱን አትውሰዱብኝ» አለኝ። እኔም ጻፍሁት። በመዝገባችን ላይ በቁጥር ሰፍሮ ይገኛል።

ቀኑንም እርሱ መረጠ። ተጋጣሚውንም የመረጠው እርሱ ነው፤ ይኸውም ዓምና በእርሱ በኩል እያለፈ ሦስት ጎል ያገባብን ቡድን ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ሲመረምር፣ አምበሉ ለኳስና ለመረብ መግዣ ከኪሱ አውጥቶ ያልተመለሰለት ገንዘብ እንዳለ ተገኘ። ስጦታ ከመስጠት በፊት ዕዳ መክፈል ይቀድማል ብለን መጀመሪያ እርሱን ከፈልነው። እናቶች ድፎ ዳቦ ጋግረው መጡ። እርሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ጨርቁን ከክንዱ ፈታና ለአንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በገዛ እጁ አሠረለት። ንግግር አድርግ ሲባልም «ስጮህባችሁ የኖርሁት ስለምጠላችሁ አይደለም፤ መሸነፍ ስለማልወድ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ጨዋታውን 2 ለ 1 ተሸነፍን። ከተሸነፍንባቸው ቀኖች ሁሉ እርሱ የሣቀበት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለእኔ ከሽኝቱ ይበልጣል። አዲሱ አምበል ዓርብ ማታ ኳሶቹን ይዞ ወደ ጎሚስታው ሱቅ ይሄዳል። ኳሶቹ እስኪነፉ ድረስ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ያወራሉ። ማን እንደ ተኮራረፈ፣ ማን ጫማ እንደ ሌለው፣ የትኛው ልጅ ፈተና ስላለበት መቅረት እንዳለበት የሚታወቀው እዚያ ነው። ለአሮጌው አምበል የሰጠነው ትንሽ ሥራ ለአዲሱ አምበል ትምህርት ቤት ሆነ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ባጭሩ ልበል። የሚሄደውን ሰው ከሌላ ከመስማቱ በፊት ፊት ለፊት ንገሩት፤ የሚነግረውም እርሱ የሚያከብረው ሰው ይሁን። ቀኑን ከእርሱ ጋር ወስኑ። ዕዳ ካለበት ክፈሉት እንጂ ዕዳውን በኬክ አትሸፍኑት። ሥልጣኑን በራሱ እጅ ለተተኪው ያስረክብ። ከዚያም በኋላ እርሱ የሚችለውን፣ የሚወደውን፣ በእውነትም የሚያስፈልገውን አንድ ሥራ ተዉለት። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ድፍረት ነው።

በዚሁ በቦሌ፣ ከስልሳ ሺህ በላይ ሕዝብ እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ቆሟል። በጎኑ ባለፍሁ ቁጥር በሮቹ ምን ተብለው እንደሚጠሩ አስባለሁ። በቁጥር ብቻ ከሚጠሩ አንደኛው በር «ሉቺያኖ ቫሳሎ» ቢባል፣ ልጆች ትኬት ይዘው ሲሰለፉ «ይህ ማን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለሞተ ሰው የምናደርገው ዘግይቶም ቢሆን ይህን ያህል ነው።

ለሕያዋኑ ግን ገና ጊዜ አለን። ተማሪ የሆናችሁ፣ በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጣ መምህር በትምህርት ቤታችሁ እንዳለ ጠይቁ። በመሥሪያ ቤት ያላችሁም፣ ከክፍላችሁ አዛውንቶች የማን ጊዜ እንደ ደረሰ ተመልከቱ። ነገ ጧት ሻይ ስትጠጡ አጠገባቸው ተቀመጡና፣ እንዴት መሸኘት እንደሚወዱ ጠይቋቸው። ምናልባት እነርሱም ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ጠብቀውት ይሆናል።